ወርቁን ያስቀደመ ገጣሚ፦ የፍሪትዮፍ ሹዎን ፍልስፍናና ግጥም

መንደርደሪያ

«ሃይማኖቶች ሁሉ መድረሻቸው አንድ ነው» የሚለው አባባል ዛሬ ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማ ቀላል ንግግር ሆኗል። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚለው ክርክር ለማብረድ እንጂ የሐሳቡን መዘዝ እስከ መጨረሻው ተከትሎት አይደለም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ግን ይህን ሐሳብ የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ፣ መዘዙንም ለመቀበል የሞከረ አንድ ጸሐፊ ነበር፤ ፍሪትዮፍ ሹዎን ይባላል።

ሹዎን በይበልጥ የሚታወቀው በፈላስፋነቱ ነው። በፈረንሳይኛ የጻፋቸው ከሃያ የሚበልጡ መጻሕፍት በሃይማኖት ንጽጽር ጥናት ውስጥ አከራካሪ ቦታ ይዘዋል። ገጣሚነቱ ግን በሁለት ወገን ተበድሏል እላለሁ። ተከታዮቹ ግጥሞቹን እንደ ጸሎት ስለሚቀበሏቸው ለሂስ አያቀርቧቸውም፤ የፍልስፍናው መርማሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ተቀጽላ ቆጥረው ያልፏቸዋል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከሁለቱም ወገን ሳይሆን ግጥሙን እንደ ግጥም መመርመር ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። ሹዎን በፍልስፍናው ቅርፅን አጥብቆ የተከላከለ ሰው ነው፤ በግጥሙ ግን ለይዘቱ ሲል ቅርፁን አቅልሎታል። ይሁን እንጂ እነዚሁ ግጥሞች፣ በተለይም የተጻፉበት ቋንቋ፣ ቅርፅ እንደ ልብስ የሚወልቅ ነገር አለመሆኑን ከመጻሕፍቱ ባላነሰ ይመሰክራሉ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሕይወቱና ቋንቋዎቹ

ሹዎን ጁን 18 ቀን 1907 በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ ከጀርመናውያን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። የልጅነት ቤቱ ሙዚቃ፣ የጀርመን ተረትና ግጥም የሚሰማበት ቤት እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። አባቱ በ1920 ሲሞት እናቱ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ ወደ ሙሉዝ ተመለሰች። ሙሉዝ ያለችበት የአልዛስ አውራጃ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰ ስለነበር፣ እስከዚያ በጀርመንኛ የተማረው ልጅ ትምህርቱን በፈረንሳይኛ ቀጠለ። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በጨርቃ ጨርቅ ንድፍ ሥራ መተዳደር ጀመረ። ታላቅ ወንድሙ በቤልጅየም የትራፒስት መነኩሴ ሆነ። እሱ ግን በሌላ መንገድ ሄደ።

በወጣትነቱ የፈረንሳዊውን የረኔ ጌኖንን መጻሕፍት አነበበ። በፓሪስም ዐረብኛ ተማረ። በ1932 መጨረሻ ወደ አልጄሪያ ተጉዞ ሞስታጋነም ላይ ከታዋቂው የሱፊ መምህር ከሸህ አሕመድ አል-ዐላዊ ዘንድ ደረሰ። በ1933 መጀመሪያ በሸሁ እጅ ወደ ጠሪቃው ገባ፤ ዒሳ ኑር አል-ዲን የሚል ስምም ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአውሮፓ የራሱ ደቀ መዛሙርት ያሉት መምህር ሆነ። ከነዚህም መካከል የልጅነት ጓደኛው ቲቱስ ቡርክሃርትና በ1961 ስለ አል-ዐላዊ መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው ማርቲን ሊንግስ ይገኙባቸዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ተሰልፎ በጀርመኖች ተማረከ። ጀርመኖች የአልዛስን ተወላጆች በራሳቸው ጦር ሊያሰልፉ መሆኑን ሲያውቅ ወደ ስዊዘርላንድ አመለጠ። በዚያም አርባ ዓመት ያህል ኖረ። በ1948 በፈረንሳይኛ የታተመውና በነጻ ትርጉም «ከቅርፅ በላይ የሆነው የሃይማኖቶች አንድነት» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ ስሙን አስጠራ። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1953 ሲወጣ ካደነቁት አንዱ ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት ነበር። ሹዎን በ1959 እና በ1963 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከነባር ሕዝቦች ጋር ወዳጅነት መሠረተ። በ1980 ኑሮውን በኢንዲያና ግዛት ወደምትገኘው ወደ ብሉሚንግተን አዛወረ፤ ሜይ 5 ቀን 1998 እዚያው ዐረፈ።

ከዚህ አጭር ታሪክ ለሥነ ጽሑፍ መርማሪ ጎልቶ የሚታየው የቋንቋዎቹ ድርሻ ነው። ሹዎን በፈረንሳይኛ ተከራከረ፤ በዐረብኛ ጸለየ። የገጠመው ግን በዋነኛነት በጀርመንኛ ነው። በ1947 ሁለት የጀርመንኛ የግጥም መድበሎች አሳተመ። ከዚያ ለረጅም ዘመን ድርሰቱ ስድ ንባብ ሆነ። በእርጅናው ዘመን መቶ ያህል ግጥሞችን በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1995 አሳተመ። ከዚያ በኋላ ባሉት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት ውስጥ ግን ከሦስት ሺህ የሚበልጡ አጫጭር ግጥሞችን በጀርመንኛ ጻፈ። ሰማንያ ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ በባዕድ አገር የሚኖር፣ የዐረብኛ ስም ያለው ሽማግሌ ሞቱ ሲቀርብ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ለምን እንዲህ ጎረፈ? ወደዚህ ጥያቄ ከመመለሳችን በፊት ስለ ቅርፅ ምን ያስተምር እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

2. ቅርፅ በፍልስፍናው

ዘላለማዊ ፍልስፍና የሚለው ስያሜ የሹዎን ፈጠራ አይደለም። ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ስቴውኮ በ1540 ለላቲን መጽሐፉ ርዕስ አድርጎታል። ላይብኒትስም አንሥቶታል፤ በ1945 ደግሞ አልደስ ሃክስሊ በዚሁ ስም መጽሐፍ አሳትሞ ለሰፊው አንባቢ አስተዋውቆታል። የሹዎን ጎራ ግን ከሃክስሊ ይለያል። ሃክስሊ ከየሃይማኖቱ የሚስማማውን ቃል እየለቀመ ሲያሰባስብ፣ ጌኖንና አናንዳ ኩማራስዋሚ መሠረቱን የጣሉለት፣ ሹዎን ደግሞ ያስፋፋው ጎራ አንድን ሃይማኖት ከነሥርዓቱ፣ ከነሕጉና ከነጸሎቱ መኖር ግዴታ መሆኑን ያስተምራል።

እንደ ሹዎን አመለካከት እያንዳንዱ ሃይማኖት ሁለት ገጽታ አለው። አንዱ ገሀዳዊው ነው፤ ዶግማው፣ ሕጉና ሥርዓቱ በዚህ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው ውስጣዊው፣ ማለትም ምሥጢሩ ነው። አንድነቱ የሚገኘው በሁለተኛው ብቻ ነው። በገሀዱ ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ የአምላክም ፈቃድ አለበት። ስለዚህ ክርስትናንና እስልምናን በገሀድ «አንድ ናቸው» የሚል ሰው ሁለቱንም አላወቀም። ለዚህ ሹዎን ደጋግሞ የሚያመጣው ምሳሌ የክብ ምሳሌ ነው። ከክቡ ዳር ወደ መካከለኛው ነጥብ የሚሄዱት መሥመሮች የሚገናኙት ነጥቡ ላይ ብቻ ነው። ከምሳሌው እንደምንረዳው፣ በዳሩ ላይ ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው የሚዘል ሰው ሲዞር ይኖራል እንጂ ወደ መካከሉ አይቀርብም። ወደ ነጥቡ የሚያደርሰውም ዕውቀት፣ በሹዎን አነጋገር፣ የአመክንዮ ሳይሆን የልቡና ዕውቀት ነው።

ይህ አስተምህሮ ጠንካራ ተቃውሞ ገጥሞታል። በ1978 ስቲቨን ካትስ ባወጣው ጥናት ከቋንቋና ከባህል ነጻ የሆነ ንጹሕ መንፈሳዊ ተሞክሮ የለም ሲል ተከራከረ። እንደ እሱ አባባል የሱፊው ተሞክሮ ከመነሻው የሱፊ ነው፤ የአይሁዳዊውም የአይሁዳዊ ነው። የሹዎን አድናቂ የሆነው ሂውስተን ስሚዝ በ1987 መልስ ሲሰጥ ዘላለማዊ ፍልስፍና የተመሠረተው በተሞክሮዎች መመሳሰል ላይ ሳይሆን በሜታፊዚክስ ላይ ነው አለ። መልሱ ሹዎንን ከካትስ ቀጥተኛ ምት ያድነዋል። ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች ግን የካትስ ጥያቄ በሌላ በር ይመለሳል፤ ሜታፊዚክሱ የሚነገረው በቋንቋ ነውና።

ሹዎን ራሱ ይህን ችግር ያውቀዋል። በ1948ቱ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኪነ ጥበብ ቅርፆች የጻፈው ምዕራፍ ለዚህ ምስክር ነው። ቅዱስ ኪነ ጥበብ ከአርቲስቱ ግላዊ ስሜት የሚመነጭ ሳይሆን ቅርፁን ከትውፊት የሚቀበል ነው ይላል። አንድ ሥዕል ሃይማኖታዊ የሚሆነው ስለ ሃይማኖታዊ ጉዳይ ስለተሣለ ብቻ አይደለም፤ አሣሣሉም ከዚያው ምንጭ መቀዳት አለበት። በዚህ መመዘኛ የኅዳሴ ዘመን ሥዕልን ይነቅፋል፤ ዘመናዊውን የግለኝነት ኪነ ጥበብማ ጨርሶ አይቀበለውም። ለሹዎን እንግዲህ ቅርፅ የምሥጢሩ በር ነው። ያለ በሩ መግቢያ የለም።

3. ግጥሞቹ በራሱ መመዘኛ

ደራሲን ራሱ ባወጣው ሕግ መመዘን ተገቢ ይመስለኛል። የሹዎን የመጨረሻ ዘመን ግጥሞች አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹ ቤት ይመታሉ፤ ቃላቸው ቀላል፣ ምታቸው ለዘፈን የቀረበ ነው። ጉዳዮቻቸው ጸሎት፣ የአምላክ ስም፣ የድንግል ማርያም ክብር፣ እርጅና፣ ሞት፣ ሙዚቃ፣ የተፈጥሮ ውበት ናቸው። ከመድበሎቹ መካከል «ስም የለሽ ዘፈኖች» በተባለው ውስጥ ግጥሞቹ በርዕስ ሳይሆን በተራ ቁጥር ይከተላሉ። በ2003 ደግሞ ጀርመንኛውና የእንግሊዝኛው ትርጉም በአንድነት የታተሙበት ጥራዝ ስለወጣ ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቅርፁ ምንጭ ነው። ሹዎን ሱፊ ነው፤ ነገር ግን የግጥሙ አሠራር የዐረብኛ ቀሲዳ ወይም የፋርስ ጋዛል አይደለም። የጀርመን የሕዝብ ዘፈንና የሮማንቲክ ዘመን ግጥም ነው፤ በልጅነት ቤቱ የሰማው ማለት ነው። በራሱ ሕግ መሠረት ይህ ቅርፅ ከየትኛው ቅዱስ ትውፊት ተቀዳ? የሮማንቲክ ግጥም የግላዊ ስሜት ግጥም እንደሆነ እሱ ራሱ አይክድም። ስለዚህ ወይ ሕጉ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ወይም ግጥሞቹ ከሕጉ ውጭ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይዘቱ የሚነገርበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ በክፍላችን የምናውቀው የሰምና ወርቅ መለኪያ ይጠቅመናል። ቅኔው ቅኔ የሚሆነው ወርቁ ስለከበረ አይደለም፤ ሰሙና ወርቁ በአንድ ኅብረ ቃል ላይ ስለተገናኙ ነው። ኅብረ ቃሉ በተመሳሳይ ቃል ቢተካ ሰሙ ይቆይ ይሆናል፤ ወርቁ ግን ይጠፋል። ሹዎን ገሀዳዊና ውስጣዊ የሚላቸው ሁለቱ ገጽታዎች ላይ ላዩን ሲታዩ ሰምና ወርቅን ይመስላሉ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ በእሱ አስተምህሮ አንዱ ወርቅ በብዙ ሰም ሊቀልጥ ይችላል፤ በቅኔ ግን እያንዳንዱ ወርቅ የራሱ ሰም ልጅ ነው።

በብዙዎቹ የመጨረሻ ዘመን ግጥሞች ውስጥ የምናገኘው ወርቁ ፊት ለፊት ቆሞ ነው። ገጣሚው እውነቱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ስንኙ የሚመጣው የታወቀውን ለማጽናት ነው። በግጥሙ ጉዞ ውስጥ የሚገኝ፣ ገጣሚውን ራሱን የሚያስደነግጥ ግኝት ብርቅ ነው። ወፍ፣ ኮከብ፣ ወንዝ ይመጣሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመጡት የተወሰነላቸውን ትርጉም ለማድረስ እንጂ እንደ ወፍ ለመዘመር ወይም እንደ ወንዝ ለመፍሰስ አይደለም። ተምሳሌቱ ወደ ምልክትነት ይወርዳል። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ የአሠራር ጉድለት ነው።

4. ትርጉም እንደ ፈተና

ቅርፁ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ ጥሩው ፈተና ትርጉም ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም በአመዛኙ ቤት መምታቱን ትቶ ሐሳቡን በታማኝነት ያስተላልፋል። ውጤቱ የምሳሌያዊ ንግግር ስብስብ ይመስላል። ወርቁ ሙሉ በሙሉ ተላልፏል፤ ግጥሙ ግን ከመንገድ ቀርቷል። አንድ ምሳሌ ከቋንቋው ልውሰድ። በጀርመንኛ ልብ ማለት «ሄርትስ»፣ ሥቃይ ማለት ደግሞ «ሽሜርትስ» ነው። ሁለቱ ቃላት ቤት ስለሚመቱ በጀርመን ዘፈን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ተጋብተው ይኖራሉ። ጀርመናዊ አንባቢ አንዱን ሲሰማ ጆሮው ሌላውን ይጠብቃል። በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ ይህ ጋብቻ የለም። እንግዲህ በዋናው ቋንቋ እንደ ልጅነት ዘፈን ጆሮ ውስጥ የሚገባው ስንኝ በትርጉም ደረቅ ምክር ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ ከድምፅም ያልፋል። ከመድበሎቹ አንዱ የመፀው ቅጠሎች የሚል ርዕስ አለው። ወራቱን ብቻ ካየን ትርጉሙ ትክክል ነው፤ የእነሱ ወቅትና የእኛ መፀው በአብዛኛው ይገጣጠማሉ። ነገር ግን በአውሮፓ ይህ ወቅት ቅጠል ደርቆ የሚረግፍበት፣ ሽማግሌ ሞቱን የሚያስታውስበት ነው። የእኛ መፀው ደግሞ ከክረምት ወጥተን አበባ የምናይበት፣ እሸት የምንቀምስበት ጊዜ ነው። ርዕሱን በትክክል ስንተረጉመው ስሜቱን ገለበጥነው ማለት ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው ስለ ሞት የሰበሰባቸው ግጥሞች በእኛ ጆሮ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ይመስላሉ። ስለ ሞት ያለው እውነት ለሁሉም አንድ ነው ብንል እንኳ ወደ እውነቱ የምንገባበት በር ከአየሩና ከቋንቋው የተሠራ ነው።

ሹዎን በሥራው የመሰከረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ መቶ ያህል ግጥሞችን ጽፎ ነበር፤ አንባቢዎቹም በብዛት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ምሥጢሩ ከቅርፅ በላይ ከሆነና ማስተላለፉ ብቻ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ በዚያው መቀጠል ይችል ነበር። እሱ ግን በዙሪያው ያሉት ብዙዎቹ ያለ አስተርጓሚ ወደማይረዱት ቋንቋ ተመለሰ። ከሃምሳ ዓመት በላይ በዐረብኛ የጸለየ ሰው የሞቱን ደጃፍ ሲያይ የተናገረው እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ነው። ሌሎች ይህን የእርጅና ናፍቆት ይሉት ይሆናል። እኔ ግን ከፍልስፍናው ጋር የሚገጥም ማስረጃ አድርጌ አነበዋለሁ፤ ሰው ወደ መካከለኛው ነጥብ የሚሄደው ከቆመበት ዳር ተነሥቶ ነው።

ጥሩ ሆነው ያገኘኋቸው ግጥሞችም ለዚህ መመለስ ቅርብ የሆኑት ናቸው፤ ልጅነትን፣ ሙዚቃን፣ ምሽትንና ስንብትን የሚያነሡት። በእነዚህ ውስጥ መምህሩ ዝቅ ይልና የቫዮሊን ተጫዋቹ ልጅ ብቅ ይላል። ሐሳቡ ያው ነው፤ ነገር ግን ነገሮቹ የራሳቸው ክብደት ስላላቸው ሐሳቡ እንደ ትእዛዝ አይሰማም።

5. አንድ መከራከሪያና መልሱ

የሹዎን ወዳጅ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «ግጥሞቹን እንደ ሥነ ጽሑፍ መመዘንህ ስሕተት ነው። እነዚህ ዚክር ናቸው። መቁጠሪያ የሚቆጥር ሰው የዛሬው ፍሬ ከትናንቱ ለምን አልተለየም ተብሎ አይጠየቅም።» መከራከሪያው ክብደት አለው። የሹዎን መንገድ ዋና ሥርዓት የመለኮትን ስም መደጋገም ነበር፤ ሦስት ሺህ አጫጭር ግጥሞችም በዚህ ዐይን ሲታዩ መድበል ሳይሆን መቁጠሪያ ናቸው። ድግግሞሻቸው ከስንፍና ሳይሆን ከልማድ፣ ከጽሞና የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ መከራከሪያው በራሱ በሹዎን ሕግ ይሰናከላል። ዚክር ኃይል የሚያገኘው ቃሉ ከትውፊት የተሰጠ፣ በትውልዶች አፍ የተፈተነ ስለሆነ ነው። ግለሰብ ትናንት የጻፈው ስንኝ ይህ ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑን ማግኘት ያለበት በራሱ ሥራ፣ በቃል ምርጫውና በምቱ ነው። ግጥም የጸሎትን ነጻነት ሊጠይቅ የሚችለው ማኅበር ተቀብሎ ሲጸልይበት እንጂ ገጣሚው መምህር ስለሆነ አይደለም።

ይህ የሥልጣን ጥያቄ ከግጥሙ ወደ ሕይወቱም ይሻገራል። ሹዎን አንድ ሃይማኖት በሙሉ ሥርዓቱ እንዲያዝ ሲያስተምር፣ የራሱ ማኅበር በድንግል ማርያም ስም መርየሚያ ተብሎ ተሰየመ፤ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ባህል የተወሰዱ ነገሮችም በብሉሚንግተን ኑሮ ውስጥ ቦታ አገኙ። በ1991 በማኅበሩ ስብሰባዎች ሰበብ በኢንዲያና ክስ ተመሥርቶበት በዚያው ዓመት ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ የለም በማለት ክሱን አንሥቶታል። በሕግ ነገሩ እዚያ አብቅቷል። የሐሳቡ ጥያቄ ግን አላበቃም፤ ማርክ ሴጅዊክ በ2004 ባሳተመው የዚህ ጎራ ታሪክ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ተከታዮቹ እነዚህ ነገሮች ከጠሪቃው ሥርዓት ጎን የቆሙ እንጂ የተቀላቀሉ አይደሉም ይላሉ። ተቺዎቹ ደግሞ መምህሩ ለሌሎች ያጠረውን አጥር ራሱ ዘለለው ይላሉ። እኔ በዚህ ላይ ፍርድ መስጠት አልሻም። ነገር ግን በግጥሙ ያየነው ስንጥቅ በሕይወቱም መታየቱ ለሃያሲ የሚጠቅም ነገር ነው፤ ከቅርፅ በላይ ያለውን አይቻለሁ የሚል ሰው ራሱ በቅርፅ መታሰሩን የመርሳት ፈተና ሁልጊዜ አለበት።

ማጠቃለያ

ሹዎን ታላቅ ገጣሚ ነው ለማለት አልደፍርም። ከሦስት ሺህ ግጥሞቹ ውስጥ ጥቂቶች በግጥምነታቸው ይቆማሉ፤ የቀሩት በደራሲያቸው ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው። ሆኖም ለንባብ የሚገባ ገጣሚ ነው፤ ምክንያቱም ቅርፅና ይዘት የሚባለውን የክፍል ውስጥ ርዕስ የነፍስ ጉዳይ አድርጎ የኖረ ሰው ነው። እኛ ስለ ቅርፅ ስንሳሳት የምናጣው አንድ ጥሩ ትንታኔ ነው። እሱ ቢሳሳት የሚያጣው መንገዱን ነበር።

ስለ ሃይማኖቶች አንድነት በቀላሉ ለሚናገር ተማሪ የሹዎን ፍልስፍና ጥሩ ማረሚያ ነው፤ ልዩነቱን ሳያከብር አንድነቱን መጥራት እንደማይቻል ያስተምረዋልና። ፍልስፍናውን በቀላሉ ለሚቀበል ደግሞ ግጥሞቹ ሁለተኛ ማረሚያ ናቸው። ጀርመንኛውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥቂት ገጾች ያነበበ ሰው፣ አንዱ እውነት በሁለት ቋንቋ ሲነገር ምን እንደሚተርፍና ምን እንደሚቀር በዐይኑ ያያል። ሹዎን ወርቁን አስቀደመ። ከገጾቹ ውስጥ ሳይደርቁ የቆዩት ግን ሰሙ ያልቀለጠባቸው ናቸው።